ትሪፋላ፣ ጃትያዲ ዘይት እና የአባትዎ እግር፦ ውሃውን ከመድኃኒቱ ለይቶ ስለ መፈተን

ጥያቄ፦ «ህንድ፣ ጉጃራት ውስጥ የፋርማሲ ማስተርስ ተማሪ ነኝ። አባቴ የስኳር ሕመምተኛ ናቸው። ለሕክምና ወደ እኔ ከመጡ በኋላ ውስጥ እግራቸው ላይ የነበረው ቁስል አመረቀዘ። ሆስፒታሉ የሞተውን ሥጋ አንስቶላቸዋል፣ አንቲባዮቲክ ሰጥቷቸዋል፣ በየቀኑ በሳላይን እየታጠበ እንዲታሸግም አዟል። አከራዮቻችን ግን በትሪፋላ ውሃ እጠቡት፣ ከዚያ ጃትያዲ ዘይት ቀቡት ይሉናል። የእነሱ የአዩርቬዳ (የህንድ ባህላዊ ሕክምና) ሐኪምም እንደዚያው ብለዋል። ጥናቶችን ሳይ ትሪፋላ ባክቴሪያ ይገድላል የሚሉ ብዙ አገኘሁ። ሳላይን እኮ ጨውና ውሃ ነው። በሺህ ዓመታት የተፈተነን ነገር ደግሞ እንደገና መፈተን ለምን አስፈለገ? የመመረቂያ ጽሑፌን በዚሁ ላይ ልሠራ አስቤያለሁ። እንዴት ነው በትክክል የሚፈተነው? እስከዚያስ ለአባቴ ልጠቀምበት?»

ምላሽ፦ ከመጨረሻው ልጀምር። ጊዜ የማይሰጠው እሱ ነው። ለአባትዎ አይጠቀሙበት። ሆስፒታሉ ያዘዘውን ሳያቋርጡ ይቀጥሉ። ይህን የምለው አዩርቬዳን ንቄ አይደለም። የተባሉት መድኃኒቶች እንዲህ ባለ እግር ላይ በሚገባ ስላልተፈተኑ ነው። እርስዎ ያነበቧቸው ጥናቶችም የሚመልሱት ሌላ ጥያቄ ነው።

አዩርቬዳ ስለ ቁስል ያለውን እውቀት ብዙ ሰው አሳንሶ ያየዋል። ሱሽሩታ ሳምሂታ የሚባለው ጥንታዊ የሕክምና መጽሐፍ ለቁስል 60 ዓይነት እርምጃ ይዘረዝራል። ቁስልን የተበላሸ እና የጠራ ብሎ ይለያል። ቅደም ተከተሉም ግልጽ ነው። መጀመሪያ ማጽዳት ይመጣል፤ ሾዳና ይሉታል። ማሻር የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ሮፓና ይሉታል። ዛሬም የቁስል ሐኪም የሚሠራው በዚሁ ተራ ነው። መግሉ ሳይወጣ፣ የሞተው ሥጋ ሳይነሳ ምንም ዓይነት ቅባት ዋጋ የለውም። ስለዚህ ሆስፒታሉ የሞተውን ሥጋ ሲያነሳ ከሱሽሩታ ጋር አልተጣላም። ልዩነቱ የሚመጣው በምን ይታጠብ የሚለው ላይ ነው።

ትሪፋላ የሦስት የደረቁ ፍሬዎች ዱቄት ነው፤ አምላ፣ ሃሪታኪ እና ቢቢታኪ በእኩል መጠን። ለማጠቢያ ሲፈለግ ይቀቀላል። ብዙ ጊዜ አንድ እጅ ዱቄት በ16 እጅ ውሃ ተጥዶ ሩቡ እስኪቀር ይንተከተካል፣ ከዚያ ይጠለላል። ክዋት የሚባለው ይህ ነው። ቡናማ ነው፣ አፍ ያኮማትራል። የሚያኮማትረው ታኒን ነው፤ ጠንካራ ሻይ ስንጠጣ ምላሳችንን የሚያደርቀው ዓይነት ንጥረ ነገር። ታኒን ፕሮቲን ላይ ይጣበቃል። የቁስሉን ገጽ የሚያደርቀውም፣ ባክቴሪያን የሚያስቸግረውም በዚሁ ጠባዩ ነው። ፓንቻቫልካላ የሚባለው ሌላው ማጠቢያ የአምስት ዛፎች ቅርፊት ነው፤ አብዛኞቹ የእኛ ሾላና ዋርካ ዘመዶች ናቸው። ጃትያዲ ዘይት ደግሞ ብዙ ዕፅዋት በዘይት በስለው የሚሠራ ነው። በጥንቱ ቀመር ውስጥ ቱትሃ፣ ማለትም የመዳብ ሰልፌት አለበት። ይህን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

አሁን «ሳላይን ጨውና ውሃ ነው» ወደሚለው ልምጣ። ልክ ነው፣ ጨውና ውሃ ነው። ጥቅሙም እዚያው ላይ ነው። የማጠብ ዋናው ሥራ ገፍቶ ማውጣት ነው። እዡ፣ የላላው የሞተ ሥጋ፣ የደም ቁራጭ፣ አብሮ የተጣበቀው ባክቴሪያ በፈሳሹ ግፊት ይወጣል። ሳላይን ይህን ሲሠራ አዲስ የሚያድገውን ሥጋ አይጎዳም። ጠንካራ ነገር ሁሉ ይሻላል ብሎ ማሰብ የተለመደ ስህተት ነው። በ2015 የታተመ አንድ ትልቅ ጥናት ይህን በደንብ አሳይቷል (የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። አጥንታቸው ተሰብሮ ቆዳቸው የተቀደደ ከ2,400 በላይ ሰዎች በዕጣ ተመድበው ገሚሶቹ በሳላይን፣ ገሚሶቹ በሳሙና ውሃ ታጠቡ። እንደገና ቀዶ ሕክምና ያስፈለጋቸው ከሳሙናው ቡድን 14.8 በመቶ፣ ከሳላይኑ 11.6 በመቶ ነበሩ። ሳሙና ቆሻሻን እንደሚያስለቅቅ ማንም አይክድም። ያም ሆኖ ተሸነፈ። ለተራ ቁስል ደግሞ ንጹሕ የቧንቧ ውሃ ከሳላይን ይልቅ ኢንፌክሽን እንደሚያበዛ የሚያሳይ ማስረጃ የለም፤ ኮክሬን የሚባለው የጥናት ገምጋሚ ቡድን ደጋግሞ ያየው ጉዳይ ነው።

የጥያቄዎ ሁሉ መፍቻ እዚህ ጋ ነው። አንድን ቁስል በትሪፋላ ውሃ በቀን ሁለቴ ብታጥቡት ሁለት ነገር አብሮ ይደረግለታል። በውሃ ይታጠባል፤ ትሪፋላም ይነካዋል። ቁስሉ ቢሻሻል ማን አሻሻለው? ብዙዎቹ የሰው ጥናቶች ይህን አይለዩም። ጥቂት አሥር ሕሙማን ይሰበሰባሉ፣ በትሪፋላ ወይም በፓንቻቫልካላ ይታጠባሉ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ መግሉ ቀነሰ፣ ሽታው ጠፋ ተብሎ ይጻፋል። እምነቱ አለኝ፣ በእርግጥም ቀንሷል። ቀድሞ በየሦስት ቀኑ ይታሸግ የነበረ ቁስል አሁን በቀን ሁለቴ በባለሙያ እጅ ሲታጠብ ለምን አይቀንስም? በዚያ ላይ ሕሙማኑ አንቲባዮቲክ እየወሰዱ ሊሆን ይችላል። ሆስፒታል ስለተኙ በእግራቸው አልቆሙም፣ ስኳራቸውም ተስተካክሏል። ይህ ሁሉ ቁስል ያሽራል። ውሃውን ከመድኃኒቱ ያልለየ ጥናት ለመድኃኒቱ ሊመሰክርለት አይችልም።

ወደ ላብራቶሪው እንሂድ። «ባክቴሪያ ይገድላል» የሚሉት ጥናቶች አብዛኞቹ የተሠሩት እንዲህ ነው። ባክቴሪያ የተዘራበት ሳህን ላይ በትሪፋላ የተነከረች ትንሽ ክብ ወረቀት ይቀመጣል። በነጋታው በወረቀቷ ዙሪያ ባክቴሪያ ያላደገበት ጥርት ያለ ቀለበት ይታያል። ቀለበቱ በማስመሪያ ይለካል፣ ቁጥሩ ሠንጠረዥ ውስጥ ይገባል። ጥሩ ጅምር ነው። ግን በረኪናም ያንን ቀለበት ይሠራል፣ ኮምጣጤም ይሠራል። ሳህኑ ላይ እዥ የለም። እውነተኛ ቁስል ውስጥ ግን በፕሮቲን የተሞላ እዥ አለ። ታኒን ፕሮቲን ላይ ይጣበቃል ብያለሁ። ስለዚህ ባክቴሪያው ጋ ከመድረሱ በፊት እዡ ላይ ተጣብቆ ሊያልቅ ይችላል። ሳህኑ ላይ ወረቀቷ ሌሊቱን ሙሉ ታድራለች፤ ቁስል ሲታጠብ ግን ፈሳሹ የሚነካው ለደቂቃዎች ነው። ሳህኑ ላይ ባክቴሪያው ተበትኖ ነው ያለው። የቆየ ቁስል ላይ ደግሞ ራሱ በሠራው ሙጫ መሰል ሽፋን ተሸፍኖ ይኖራል፤ ባዮፊልም ይባላል። እዚያ ውስጥ ያለ ባክቴሪያን ጠንካራ አንቲባዮቲክም በቀላሉ አያገኘውም።

መጠኑንም ይመልከቱ። የዕፅዋት ጥናቶች ብዙ ጊዜ ባክቴሪያውን ያቆመውን መጠን በሚሊግራም ይጽፋሉ። የአንቲባዮቲክ የሚጻፈው በማይክሮግራም ነው። በሺህ እጥፍ የተለያዩ መለኪያዎች ናቸው። ደግሞም ጥናቱ «የትሪፋላ ጭማቂ» ሲል ምን እንደሆነ ዝቅ ብለው ያንብቡ። ብዙ ጊዜ በአልኮል የወጣ ነው። በ2008 ቼናይ ያሉ ተመራማሪዎች በባክቴሪያ በተበከለ የአይጥ ቁስል ላይ ያወጡት ጥናት ብዙ ይጠቀሳል፤ ምናልባት እርስዎም አይተውታል። ባክቴሪያው ቀንሷል፣ ቁስሉም ቶሎ ተዘግቷል። ጥንቃቄ ያለበት ጥሩ ሥራ ነው። የተጠቀሙት ግን በአልኮል የወጣ ትሪፋላ በቅባት መልክ ተዘጋጅቶ ነው። አከራዮችዎ ድስት ውስጥ ያለው በውሃ የተቀቀለ ነው። ሁለቱ አንድ ዓይነት ነገር አይደሉም። የአይጥ ቆዳም የሰው ቆዳ አይደለም። አይጥ ከቆዳዋ ሥር ባለ ስስ ጡንቻ ቁስሏን እየሳበች ትዘጋዋለች። እኛ በአብዛኛው ከታች አዲስ ሥጋ እየሞላ፣ ከዳር ቆዳ እየተሳበ ነው የሚጠግልን። የተሞከረባት አይጥ ደግሞ ወጣትና ጤነኛ ናት፤ ስኳር የለባትም፣ የእግር ደም ሥሯም አልጠበበም።

የሺህ ዓመቱ ነገር። ረጅም ልማድ ከንቱ ነው አልልም። አንድ ነገር የነኩትን ሁሉ ወዲያው ቢገድል ኖሮ ማኅበረሰቡ ይጥለው ነበር። ልማድ ይህን ያህል ይነግረናል። የዳነው ሰው በመድኃኒቱ ይሁን በራሱ ጊዜ ይዳን ግን ልማድ አይነግረንም። ቁስል በራሱ የሚሽር ነገር ነው፤ አብዛኛው ይሽራል። ያልሻረለት ሰው ደግሞ ታሪኩን ሊነግረን አልቆየም።

የእርድን የባለቤትነት መብት ታሪክ እንደ ማስረጃ የሚጠቅሱ ሰዎች ያጋጥሙዎታል፤ ህንድ ውስጥ በጣም የታወቀ ነው። በ1995 አሜሪካ ውስጥ ለሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ማዕከል ተመራማሪዎች እርድን ለቁስል ማሻሪያ ስለመጠቀም ፓተንት ተሰጠ። የህንድ የሳይንስና ኢንዱስትሪ ምርምር ምክር ቤት ተከራከረ። የጥንት የሳንስክሪት ጽሑፎችንና ቀደም ብለው የታተሙ ጥናቶችን አቀረበ፤ በ1997 ፓተንቱ ተሰረዘ። ተገቢ ድል ነበር። በ2001 የህንድ ባህላዊ እውቀት ዲጂታል ቤተ መዛግብት የተጀመረውም እንዲህ ካሉ ክርክሮች ተነስቶ ነው። ግን ክርክሩ ስለ ምን ነበር? እውቀቱ አዲስ ነው ወይስ የቆየ በሚለው ላይ ነው። የቆየ መሆኑ ተረጋገጠ። እርድ የሚመግል ቁስል ያጸዳል ወይ የሚለውን ያ ችሎት አልመረመረም። «አሜሪካ እንኳ አምናበታለች» የሚል ሰው ሲያጋጥምዎ ይህን ያስረዱት።

አሁን አዩርቬዳን የሚያስከብር ምሳሌ ልስጥዎ። ክሻራ ሱትራ የሚባል በመድኃኒት የተነከረ ክር አለ። ፊንጢጣ አጠገብ ለሚፈጠር ፊስቱላ (ከውስጥ ወደ ቆዳ ለሚወጣ ቀጭን የቁስል መንገድ) ይታሰራል፤ ክሩ ቀስ በቀስ መንገዱን እየቆረጠ ያጸዳዋል። የህንድ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት ይህን በበርካታ ማዕከሎች ከቀዶ ሕክምና ጋር በዕጣ አወዳደረው፤ ውጤቱ በ1991 ታተመ። 265 ሰዎች ለአንድ ዓመት ክትትል ተደርጎላቸዋል። በሽታው የተመለሰባቸው በክሩ 4 በመቶ፣ በቀዶ ሕክምናው 11 በመቶ ነበሩ። ክሩ ለመሻር ግን ረዘም ያለ ጊዜ ወሰደ፤ 8 ሳምንት ገደማ፣ ቀዶ ሕክምናው 4። እንዴት የሚያምር ውጤት ነው! ጥቅሙም ጉዳቱም አብሮ ተለካ። ሐኪምም ሕመምተኛም አውቀው ሊመርጡ ይችላሉ። «ባህላዊ ሕክምና በዘመናዊ መንገድ አይፈተንም» ለሚል ሰው መልሱ ይህ ነው። ተፈትኗል፣ አልፏል።

ማርም እንዲሁ። ሱሽሩታ ማርና ቅቤ ለቁስል ያዛል። እኛም አገር ማር ቁስል ላይ ሲደረግ የኖረ ነው። ኮክሬን በ2015 ጥናቶቹን ሲገመግም ማር መለስተኛ ቃጠሎን ከተለመዱት ማሸጊያዎች በ4 ወይም 5 ቀን ያህል ቀድሞ እንደሚያሽር አግኝቷል። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ላመረቀዘ ቁስልም ከአንቲሴፕቲክና ከጎዝ የተሻለ ነበር። ይህ ግን ለሁሉም ቁስል አይሠራም። በተለይ ለአባትዎ። የስኳር ሕመም እግርን የሚከታተለው ዓለም አቀፍ የሥራ ቡድን በ2023 ባወጣው መመሪያ ማርንም ሆነ የዕፅዋት ማሸጊያዎችን ቁስሉን ለማሻር ብላችሁ አትጠቀሙ ብሏል። ምክንያቱ ማስረጃው ደካማ መሆኑ ነው። ደግሞም ለሕክምና የሚውለው ማር በጨረር የጸዳ ነው፤ ከገበያ የተገዛ ማር የባክቴሪያ ዘር ሊኖርበት ይችላል።

ስለ መመረቂያ ጽሑፍዎ። በማስተርስ ጊዜና ገንዘብ በሕሙማን ላይ ሙከራ እንዳይጀምሩ። መጨረስ አይችሉም፤ ያልተጨረሰ ሙከራ ደግሞ የሰው እግር ላይ የተጫወተ ሙከራ ነው። ላብራቶሪ ውስጥ ግን ገና ያልተሠራ ብዙ ጥሩ ሥራ አለ። አንድ ጥያቄ ይያዙ፦ ሕዝቡ በሚያዘጋጅበት መንገድ የተቀቀለ ትሪፋላ፣ ማጠብ በሚፈጀው ጊዜ፣ እዥ ባለበት፣ ባዮፊልም ውስጥ ያለን ባክቴሪያ ከሳላይን የበለጠ ይቀንሳል ወይ? ይህ ብቻውን ይበቃዎታል።

ፍሬዎቹን ከሦስት የተለያዩ ገበያዎች ይግዙ። በዕፅዋት ባለሙያ ያስለዩ፣ ናሙናውን ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ያስቀምጡ። የዛፉ ዓይነት፣ የተለቀመበት ወቅት፣ የደረቀበት መንገድ ታኒኑን ይለዋውጠዋል። በየድስቱ የሚገኘው ይለያያል ወይ የሚለውን ካልለኩ የትኛውን እንደፈተኑ አያውቁም። ክዋቱን በውሃ ይቀቅሉ፣ አልኮል አይጠቀሙ። ባክቴሪያዎቹ ቢያንስ ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ እና ሱዶሞናስ ይሁኑ፤ ቁስል ላይ የሚያስቸግሩት እነሱ ናቸው። ባዮፊልሙን በሴረም (በደም ፈሳሽ ክፍል) ያሳድጉ። ክዋቱን ለ5 እና ለ10 ደቂቃ ብቻ ያስነኩት። በጎን ሳላይን ያድርጉ፣ በተመሳሳይ መጠን፣ በተመሳሳይ ሙቀት፣ በተመሳሳይ ግፊት። በሌላው ጎን ፖቪዶን አዮዲን የሚባለውን የታወቀ ጀርም ገዳይ ያድርጉ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስታት አንድ ነገር አለ። ባክቴሪያውን ከመቁጠርዎ በፊት ታኒኑን ማምከን አለብዎት። አለዚያ ከክዋቱ ትንሽ ወደ ሳህኑ አብሮ ይሻገርና እዚያው ላይ ባክቴሪያውን ያግደዋል። እርስዎ በ5 ደቂቃ ሞተ ብለው ይጽፋሉ፤ በእርግጥ የታገደው ሳህኑ ላይ ሌሊቱን ነው። ማምከኛው እንደሚሠራም፣ ራሱ ባክቴሪያ እንደማይገድልም ለብቻው ይፈትሹ። ከዚያ ያንኑ መጠን በሰው የቆዳ ሴሎች ላይ ይሞክሩ፤ ፋይብሮብላስት ይበቃል። ባክቴሪያውንም ሥጋውንም የሚገድል ማጠቢያ ቁስልን ያዘገያል። እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን የተቀመጡበት ጽሑፍ ካወጡ፣ ከመቶ የቀለበት ሠንጠረዥ ይበልጣል።

የሰው ሙከራው እንዴት መሆን እንዳለበትም ይወቁ፤ አንድ ቀን ይሠሩታል ወይም የሌላውን ይገመግማሉ። ሁሉም ሕመምተኛ የሚገባውን መደበኛ ሕክምና ማግኘት አለበት፤ አንቲባዮቲክ የሚያስፈልገውን ሰው ለሙከራ ብሎ መከልከል ወንጀል ነው። ከዚያ በላይ ገሚሱ በሳላይን፣ ገሚሱ በክዋት ይታጠባል። ምድቡ በዕጣ ነው፤ ዕጣውን መዝጋቢው ሐኪም አስቀድሞ ማወቅ የለበትም። አለዚያ ሳያስበው ደህና ደህናውን ቁስል ወደሚወደው ቡድን ይልካል። ክዋቱ ቡናማ ስለሆነ ሕመምተኛው የትኛው እንደደረሰው ያውቃል። አንዳንዶች ሻይን ማስመሰያ ለማድረግ ያስባሉ፤ ሻይ ራሱ ታኒን አለው፣ አይሆንም። የተቃጠለ ስኳር ቀለም ይሻላል። ካልተቻለ ቢያንስ ቁስሉን የሚለካው ሰው ምድቡን አይወቅ። መለኪያውም የባክቴሪያ ቁጥር ብቻ መሆን የለበትም። በ12 ሳምንት ውስጥ ሙሉ በሙሉ የተዘጋው ቁስል ስንት ነው? ስንት ጣት፣ ስንት እግር ተቆረጠ? ሕመምተኛውን የሚያስጨንቀው ይህ ነው። ሙከራው ሳይጀመር በህንድ የክሊኒክ ሙከራዎች መዝገብ ላይ መመዝገብ አለበት፤ መዝገቡ በ2007 ተከፍቶ ከ2009 ጀምሮ ግዴታ ሆኗል። ሌላ ሰው ያወጣውን ጥናት ሲያነቡም መጀመሪያ የምዝገባ ቁጥሩን ይፈልጉ፣ ከዚያ መጀመሪያ እለካለሁ ያለውንና መጨረሻ ላይ ያወጣውን ያስተያዩ።

ወደ አባትዎ እግር ልመለስ። ቁስሉ ያልዳነው ማጠቢያው ስለደከመ ይመስልዎታል። የስኳር እግር ቁስል የሚቆይባቸው ምክንያቶች ሌሎች ናቸው። አንደኛው ጫና ነው። ውስጥ እግር ላይ ያለ ቁስል በተረገጠ ቁጥር ይደቃል፤ አባትዎ አያማቸውም፣ ምክንያቱም ነርቩ ደንዝዟል። ሁለተኛው የደም ዝውውር ነው፤ ደም ያልደረሰበት ሥጋ በምንም ቢታጠብ አያድግም። ሦስተኛው ኢንፌክሽኑ አጥንት ደርሶ ሊሆን ይችላል። አራተኛው የስኳሩ መጠን ነው። ትሪፋላ ከነዚህ አንዱንም አይነካም። ነገ ሐኪሙን የሚጠይቁት ይህን ይሁን፦ የእግራቸው የደም ዝውውር ተለክቷል ወይ? አጥንቱ በራጅ ታይቷል ወይ? ጫናውን የሚያነሳ ልዩ ጫማ ወይም ጀሶ ያስፈልጋቸዋል ወይ?

ክዋቱ በራሱም ለእሳቸው አደጋ አለው። ለብ ባለ ሁኔታ ነው የሚፈሰው። የደነዘዘ እግር ግን ለብ ያለውንና የሚያቃጥለውን አይለይም። በሞቀ ውሃ የተላጡ የስኳር ሕሙማን እግሮች አይተናል፤ ሕመምተኛው ራሱ ያየው ቆዳው ከተነሳ በኋላ ነው። ቡናማው ቀለም ጎዙንም ቁስሉንም ያጠቁራል። ነርሷ በየቀኑ የምታነበው ያንን ቀለም ነው፤ ቀዩ አዲስ ሥጋ፣ ቢጫው የሞተው፣ አረንጓዴ የሚያደላው እዥ። እርድም እንደዚሁ ሁሉን ቢጫ ያደርገዋል። ቀርቶ ያደረ ክዋት ደግሞ ባክቴሪያ ያፈላል፤ መቀቀልም የባክቴሪያ ዘርን ሁሉ አይገድልም። ከገበያ የተገዛ ዱቄት ንጽሕናም አስተማማኝ አይደለም። በ2019 የወጣ ጥናት ባንግላዴሽ ውስጥ እርድን ለማድመቅ የእርሳስ ክሮሜት ይጨመር እንደነበር አሳይቷል። ከዚያ ቀደም በ2004 ቦስተን አካባቢ ከተገዙ 70 የአዩርቬዳ ምርቶች 14ቱ ውስጥ እርሳስ፣ ሜርኩሪ ወይም አርሴኒክ ተገኝቷል። እነዚያ የሚዋጡ ነበሩ፤ ግን ክፍት ቁስልም ወደ ሰውነት መግቢያ በር ነው። የጃትያዲ ዘይት የመዳብ ሰልፌት ያልኩት እዚህ ጋ ይመጣል፤ እሱም በዚያው በር ሊገባ ይችላል። ጥልቅ፣ የሚመግል ቁስል ውስጥ ዘይት ማፍሰስ ደግሞ ለብቻው ችግር ነው፤ እዡ መውጫ ያጣል፣ ማሸጊያው አይጣበቅም።

ጤነኛ ሰው ጉልበቱን ቢላጥ፣ አዲስ ተቀቅሎ በንጹሕ ጨርቅ በተጠለለ፣ በቀዘቀዘ ክዋት ቢታጠብ አልጣላውም። ከውሃ ይበልጣል ብዬ ግን ቃል አልገባም። የአባትዎ ጉዳይ ሌላ ነው።

ከአከራዮችዎ ጋር አይጣሉ። ክፋት የለባቸውም። የአዩርቬዳ ሐኪማቸውንም በአክብሮት ያነጋግሩ። ህንድ ውስጥ የአዩርቬዳ ዲግሪ ልምምዱን ጨምሮ 5 ዓመት ተኩል ይፈጃል፤ ሥራቸውን የሚያውቁ ብዙ ናቸው። የስኳር እግር መሆኑን፣ ሆስፒታሉ ምን እንዳገኘ፣ ምን አንቲባዮቲክ እንደሚወስዱ ሙሉውን ይንገሯቸው። ጥሩው ሐኪም ራሱ ወደ ሆስፒታሉ ይመልስዎታል። ከባህላዊው የሚዋጥ ነገር ከተሰጣቸው ደግሞ ለሆስፒታሉ ሐኪም ይናገሩ፤ ስኳር የሚያወርዱ ዕፅዋት ከመድኃኒታቸው ጋር ተደምረው ስኳሩን ከልክ በታች ሊጥሉት ይችላሉ።

ቤት ውስጥ ሳላይን ቢያልቅብዎ አንድ ሊትር ውሃ በደንብ አፍልተው 9 ግራም ጨው ይጨምሩበት፤ አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ያህል ነው። ከድነው ያቀዝቅዙት፣ የተረፈውን በዚያው ቀን ይድፉት። ሙቀቱን በራስዎ ክንድ ይፈትሹ፣ በአባትዎ እግር አይፈትሹ። ከላይ ያፍስሱት፤ እግሩን ሳፋ ውስጥ አይዘፍዝፉት። ከቁስሉ ዳር መቅላቱ ከ2 ሳንቲሜትር አልፎ ከተስፋፋ፣ ጣት ከጠቆረ፣ ሽታው ድንገት ከከፋ፣ ቁስሉ ውስጥ ነጭ ጠንካራ ነገር ከታየ፣ ሲነኩት ከቆዳው ሥር የሚንኮሻኮሽ ነገር ከተሰማዎ፣ ወይም ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከመጣ፣ ቀጠሮ አይጠብቁ። በዚያው ሌሊት ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷቸው። ስኳራቸው ያለ ምክንያት አሻቅቦ አልወርድ ካለም እንዲሁ፤ የስኳር ሕሙማን ላይ ትኩሳት ከመምጣቱ በፊት የሚታየው ብዙ ጊዜ ይህ ነው።